ከስቶክሆልም ሄልሲንኪ በማታ መርከብ፦ አንድ ጥያቄና 31 መልሶች

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት ክር (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የሚደረደሩ መልሶች) ላይ ያነሳችው ስቶክሆልም የምትኖር አንዲት እህት ናት። እናቷ ነሐሴ ሲገባ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ የያዙት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን (እርስ በርሳቸው የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ልጅቱ እናቷን በማታ መርከብ ሄልሲንኪ አድርሳ ልትመልሳቸው አስባለች። በጽሑፏ መጀመሪያ ላይ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ለጉዞውም ለሆቴሉም እንደሚከፍል፣ በመርከብ የሚሄድ ግን ተኝቶ ስለሚጓዝ አንዴ ብቻ ከፍሎ እንደሚገላገል፣ ስለዚህም በሰሜን አውሮፓ ከዚህ የረከሰ ሽርሽር እንደማይገኝ በልበ ሙሉነት ተናግራለች። ወረድ ብላ ግን ዋጋው እንዲህ ዝቅ ያለበት ምክንያት ስላልገባት፣ ከጀርባው የተደበቀ ነገር ካለ የሚያውቅ ሰው እንዲነግራት ጠይቃለች። እኔም በዚያው መስመር የተጓዝኩ ሰው ስለሆንኩ መልሶቹን እስከ መጨረሻው ተከታተልኳቸው።

1ኛው መልስ ትሕትና የተሞላበት ነበር። ጸሐፊው ለእናቷ መልካም መምጣት ከተመኘ በኋላ የጉዞውን አካሄድ ዘርዝሯል። በመስመሩ ላይ ሁለት ኩባንያዎች አሉ፤ ሲልያ ከቬርታ ወደብ፣ ቫይኪንግ ደግሞ ከከተማው መሐል ብዙም ካልራቀው ከስታድስጎርደን ይነሳሉ። ሁለቱም አመሻሽ ላይ ተነስተው በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄልሲንኪ ይገባሉ። ፊንላንድ ከስዊድን በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም፣ በወረቀት ላይ የሚታየው ሰዓት ጉዞውን ከእውነቱ ያረዝመዋል፤ በባሕር ላይ የሚታለፈው ጊዜ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ነው። 2ኛው መልስ ይህንኑ በሀበሻ ሰዓት አቆጣጠር ደገመውና ነገሩን አወሳሰበው፤ መርከቡ 11 ሰዓት ገደማ ይነሳል ማለቱ ከቀትር በፊት እንደሆነ የመሰላቸው ነበሩ። 3ኛው ሰው የስዊድን፣ የፊንላንድና የሀገር ቤት ሰዓት በአንድ ትኬት ላይ ተደራርበው እናቲቱን ወደብ ላይ እንዳያስቀሯቸው፣ ሁሉም ሰው ትኬቱ ላይ የታተመውን የ24 ሰዓት ቁጥር ብቻ እንዲጽፍ ጠይቆ ነገሩን ዘጋው።

ለዋናው ጥያቄ መልስ የሰጠው 4ኛው ነው፤ በእኔ ግምት በክሩ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ትኬቱ የረከሰው ኩባንያዎቹ ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከትኬት ይልቅ ከሱቁ፣ ከመጠጥ ቤቱና ከምግብ ቤቱ ስለሆነ መሆኑን አስረድቷል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል በሚደረግ ጉዞ ከቀረጥ ነጻ መሸጥ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ከሐምሌ 1 ቀን 1999 ጀምሮ ተከልክሏል። በዚህ መስመር ላይ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ ምክንያቱም መርከቦቹ እኩለ ሌሊት ገደማ ኦላንድ ደሴቶች ላይ ይቆማሉ። ኦላንድ ስዊድንኛ ተናጋሪ ሕዝብ ያላት፣ ከ1921 የመንግሥታት ማኅበር ውሳኔ ወዲህ የራስ አስተዳደሯ ተጠብቆ በፊንላንድ ሥር የምትኖር ግዛት ናት። ፊንላንድ በ1995 ኅብረቱን ስትቀላቀል ኦላንድ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከኤክሳይስ ክልሉ ውጭ እንድትሆን ተፈቀደላት። ስለዚህ ተሳፋሪው እንቅልፍ ላይ ሳለ መርከቡ ማሪሃምን ወደብ ጠጋ ብሎ ጥቂት ሰው አውርዶና ጭኖ ይሄዳል፤ በዚያች አጭር ቆይታ የሱቁ ሽያጭ ሕጋዊ ይሆናል። ጸሐፊው ጨምሮም፣ ዋጋው የሚታሰበው በሰው ሳይሆን በካቢን ስለሆነ አራት ሰው ተካፍሎ ሲከፍለው እንደሚረክስ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ግን ልዩነቱን እንደማያየው አመልክቷል። ከሱቁ ምንም የማይገዛ ሰው በገዢዎቹ ኪስ እንደሚጓዝ መናገሩን ወድጄለታለሁ፤ ለጠያቂዋ የተደበቀ ነገር አለ ከተባለ ይኸው ነው።

ችግሩ 5ኛው ሰው ይህንን መልስ በችኮላ ማንበቡ ነበር። ኦላንድ ከኅብረቱ ውጭ ከሆነች መርከቡ እዚያ ሲቆም የእናቲቱ ቪዛ እንደሚቃጠልና ወደ ስዊድን መመለስ እንደማይችሉ በከባድ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ጠያቂዋ እንደተደናገጠች ከአጭር ምላሿ ያስታውቃል። 6ኛው መልስ ሰውየውን በቁጣ ገሠጸው፤ ያላወቁትን ነገር በእርግጠኝነት እየጻፉ የሰውን እናት ማስደንገጥ ነውር መሆኑን፣ የታክስ ድንበርና የቪዛ ድንበርም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጻፈለት። ቁጣው ቢበዛም ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው። 7ኛው ሰው ለዘብ ባለ አነጋገር አብራራው፦ ኦላንድ የፊንላንድ፣ በዚያም በኩል የአውሮፓ ኅብረትም የሸንገንም ክልል ናት፤ ውጭ የሆነችው ከታክሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በሚያስገባ ቪዛ ስዊድን የገባ ሰው ቀኑ እስካላለፈ ድረስ ፊንላንድም ኢስቶኒያም ደርሶ መመለስ ይችላል። ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ስላለች ከኦስሎ ኮፐንሃገን ወይም ከኦስሎ ኪል የሚሄዱትም መርከቦች በዚህ ረገድ ችግር የለባቸውም። ቪዛው በእርግጥ የሚያልቀው ከአምስተርዳም አጠገብ ካለችው ከአይማውደን ወደ ኒውካስል በሚሄደው የማታ መርከብ የተሳፈረ እንደሆነ ነው፤ እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችምና።

8ኛው መልስ የጠያቂዋ ነበር፤ እፎይታዋን ገልጻ የራሷን ጉዳይ ጨመረች። የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ አላት፤ በየጊዜው የሚሳፈሩ የሥራ ባልደረቦቿ መንጃ ፈቃድ ብቻ አሳይተው እንደሚገቡ ነግረዋታል። 9ኛው ሰው ባልደረቦቿ የስዊድን ዜጎች ስለሆኑ እንደሆነ ነገራት። ያለ ፓስፖርት መጓዝ የኖርዲክ አገሮች ዜጎች መብት ነው፤ የሌላ አገር ዜጋ ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ካርዱን፣ ስደተኛም ከሆነ የጉዞ ሰነዱን አብሮ መያዝ አለበት። መርከቡ ላይ ማንም ባይጠይቅ እንኳ ወደብ ላይ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ነጥብ ከቪዛው ጭቅጭቅ በላይ ብዙ ሰው የሚጠቅም ነው፤ ካርዱን ብቻ ይዘው ወደብ የሚመጡ ወገኖች አሉ።

ከ10 እስከ 12 ያሉት መልሶች ወደ መጠጥ ዞሩ። 10ኛው ሰው በአንድ ጉዞ ብዙ ጠርሙስ ውስኪ ይዞ እንደተመለሰና በኅብረቱ ውስጥ ለራስ የሚጠቅም እስከሆነ ድረስ መጠኑ እንደማያስጨንቅ በኩራት ጻፈ። 11ኛው ሰው እዚያው ያዘው፦ ያ ሰፊ መጠን የሚሠራው ታክሱ ተከፍሎበት ለተገዛ ዕቃ ነው፤ በኦላንድ በኩል ከቀረጥ ነጻ የተገዛ ዕቃ ግን ከኅብረቱ ውጭ እንደመጣ ይቆጠራል። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 1 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ 4 ሊትር ወይን፣ 16 ሊትር ቢራና 200 ሲጋራ ነው። ቀረጥ ነጻ እየገዛ ታክስ ለተከፈለበት ዕቃ በተፈቀደው መጠን የሚጭን ሰው ኮንትሮባንድ እየሠራ መሆኑን ሳይሸፋፍን ነገረው። 12ኛው መልስ ከሄልሲንኪ ታሊን የሚያመላልሱት መርከቦች ኦላንድ ስለማይደርሱ እዚያ ከቀረጥ ነጻ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሰው የሚሻማው በኢስቶኒያ ርካሽ ዋጋ መሆኑን ጨመረ። 10ኛው ሰው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ስለ ካቢን የተጻፉት ሦስት መልሶች በቀጥታ ለእናቲቱ የሚጠቅሙ ነበሩ። 13ኛዋ ጸሐፊ በጣም ርካሹ ካቢን ከመኪና ማቆሚያው ወለል በታች፣ ከባሕሩ መስመር በታች ማለት ነው፣ እንደሚገኝ አስጠነቀቀች። መስኮት የለውም፤ ከጠባብነቱ በላይ የሞተሩ ንዝረት ይሰማል፤ ብዙውን ጊዜም ግማሹ አልጋ ከላይ የተሰቀለ ስለሆነ በመሰላል ይወጣበታል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ከላይኞቹ ፎቆች ሁለት የታች አልጋ ያለው ካቢን እንድትይዝ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ካቢን ከፈለገችም ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ በስልክ ደውላ አስቀድማ እንድትጠይቅ መከረቻት። 14ኛው ሰው አልተስማማም፤ ካቢን ለእንቅልፍ ብቻ ስለሆነ ለመስኮት ገንዘብ ማውጣት ትርፉ ኪሳራ መሆኑን፣ እንዲያውም በ1990 እና በ1991 ሥራ በጀመሩት በሲልያ ሴሬናድና በሲልያ ሲምፎኒ አንዳንዶቹ መስኮቶች ወደ ባሕሩ ሳይሆን መርከቡ መሐል ላይ ወዳለው ሱቅ የተደረደረበት መተላለፊያ እንደሚያዩ አስታወሰ። 15ኛው መልስ ጨዋታ ነበር፦ በክረምት ባሕሩ ሲበርድና በረዶው ሲጋገር፣ የታችኛው ካቢን ውስጥ የተኛ ሰው በረዶው የመርከቡን ሆድ ሲፍቅ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚሰማ ተርኳል። መርከቦቹ በረዶ እየሰበሩ እንዲሄዱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ድምፁ ግን ለለመደው እንጂ ለእንግዳ አይመከርም። እኔ ከ13ኛዋ ጋር ነኝ።

እዚህ ላይ የክሩ አየር ተለወጠ። 16ኛው ሰው የመርከቧን የኢስቶኒያን ነገር አነሳ። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1994 ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትጓዝ በማዕበል ሰጥማ ከተሳፈሩት 989 ሰዎች 852ቱ አልቀዋል። እንዲህ ባለ ባሕር ላይ እናት ይዞ መሄድ ዕብደት እንደሆነ ደመደመ። 17ኛዋ ሽብር የሚነዛ ሰው በየክሩ እንደማይጠፋ በንቀት መለሰችለት። 18ኛው ሰው ግን ጥያቄውን በቁም ነገር ይዞ፣ የመርከቧ የፊት መዝጊያ በማዕበሉ ተገንጥሎ ውኃ በመኪናው ወለል ላይ እንደተንጣለለ፣ ሰፊ ወለል ላይ የሚንቀሳቀስ ውኃም መርከብን በፍጥነት እንደሚገለብጥ አስረዳ። ከአደጋው በኋላ በ1996 በሰሜን አውሮፓ አገሮች መካከል ስቶክሆልም ላይ በተደረገው ስምምነት፣ ውኃ ወደዚያ ወለል ቢገባ እንኳ መርከቡ ሳይገለበጥ መቆም እንዲችል ግዴታ ተጣለ። የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት መታሰቢያ ስቶክሆልም ዩርጎርደን ላይ ከቫሳ ሙዚየም አጠገብ እንደሚገኝም ጻፈ። በነሐሴ ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ነው፤ ደሴቶቹ ነፋሱን ይከለክሉታል፤ መርከቡ የሚናወጠው በኦላንድ ባሕርና ከዚያ ወዲያ ባለው ገላጣ ክፍል ነው። ለማቅለሽለሽ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛ ክኒን መኖሩንም አስታውሷል።

19ኛው መልስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ጸሐፊው ከሊቢያ ተነስቶ ሜዲትራኒያንን በጀልባ የተሻገረ ሰው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ ያዘጋጀውን የመርከብ ሽርሽር ምክንያት ፈጥሮ እንደቀረ፣ የሚከብደውም የመስጠሙ ፍርሃት ሳይሆን በሌሊት የባሕሩ ጥቁረት እንደሆነ ጻፈ። ማንም አልቀለደም። 20ኛው ሰው ወንድሜ ብሎ ጠርቶት፣ በሰኔ ወር ሌሊቱ ስለማይጨልም ከፈለገ በዚያን ጊዜ እንዲሞክረው፣ ካልፈለገም ለማንም ምክንያት መስጠት እንደሌለበት በአክብሮት ነገረው።

ከ21 ጀምሮ ወሬው ወደ ምግብ ዞረ። 21ኛዋ ጸሐፊ የመርከቡ ቡፌ ዝነኛ መሆኑን፣ በልዩ ልዩ መንገድ የተዘጋጀ ሄሪንግ፣ ያጨሱት ሳልሞን፣ የዓሣ እንቁላልና ሥጋ እንደሚደረደርበት፣ ወይንና ቢራም በዋጋው ውስጥ እንደሆነ ዘርዝራ፣ ነገር ግን ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ስለሚገባ እናቲቱ ለዚህ ሁሉ ከፍለው ሰላጣና ድንች በልተው እንዳይወጡ አሳሰበች። ለማይጾም ሰውም ቢሆን ትንንሽ የሥጋ ድቡልቡሎቹ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ እንደሚቀላቀልባቸው አስታወሰች። 22ኛው ሰው ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል ብሎ በመጻፉ የተነሳው ክርክር ረጅምና ከመርከቡ የራቀ ነበር፤ 23ኛው መልስ የሚበላውን እናቲቱ ራሳቸው እንደሚያውቁ ተናግሮ አስቆመው፤ ትክክልም አደረገ። 24ኛው ሰው አክስቱን ይዞ ሲጓዝ የገጠመውን አወጋ። እትዬ ቡና ሳይጠጡ እንደማያድሩ ስለሚያውቁ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና ጀበና በሻንጣ ይዘው ኖሯል፤ ቡናው ገና መጨስ ሲጀምር የጭስ መቆጣጠሪያው ጮኸና ሠራተኞቹ እየሮጡ መጡ። እሱ ሰውን ለማሳቅ ነበር የጻፈው፤ 25ኛው ሰው ግን አልሳቀም። በሚያዝያ 1990 ከኦስሎ ወደ ፍሬድሪክስሃቭን ስትሄድ በነበረችው ስካንዲናቪያን ስታር ላይ በተነሳ እሳት 159 ሰዎች እንደሞቱ፣ አብዛኞቹንም የገደላቸው ነበልባል ሳይሆን መርዛማ ጭስ እንደሆነ አስታውሶ፣ በመርከብ ካቢን ውስጥ ምድጃ መለኮስ የሚያስቅ ነገር እንደሌለው ጻፈ። ያ እሳት ሆን ተብሎ እንደተለኮሰ መርማሪዎች ደምድመዋል፤ ከምድጃ የተነሳ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው ግን ቦታው ነው፤ ቡናውን በፔርሙዝ መያዝ ይሻላል።

ስለ አካባቢ ብክለት የተደረገው ልውውጥ አጭርና ስለታም ነበር። 26ኛዋ መርከብ የመረጠ ሰው አየሩን ከአውሮፕላን ተሳፋሪ ይልቅ ያነሰ እንደሚበክል ተናገረች። 27ኛው ሰው ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ ዳንስ ቤትና ሺህ አልጋ ተሸክሞ ሌሊቱን ሙሉ ነዳጅ የሚያቃጥል ነገር በምን ሒሳብ ንጹሕ ሊባል እንደቻለ በምጸት ጠየቃት። 28ኛው አስታራቂ ሆኖ ገባ፦ መርከቡ ሰው ባይጭንም የጭነት መኪኖች ስለሚያመላልስ ነዳጁን ሁሉ በተሳፋሪው ላይ መቁጠር ትክክል አይሆንም፤ በባልቲክ ከ2015 ጀምሮ የነዳጅ ድኝ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ወደ ቱርኩ፣ ወደ ሌላዋ የፊንላንድ የወደብ ከተማ፣ የሚሄዱት የቫይኪንግ መርከቦች በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ይሠራሉ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ መርከቦች ለሚለቁት ካርቦን እንዲከፍሉ ኅብረቱ አስገድዷል። ንጹሕ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ በዚህ 27ኛው ልክ ነው።

29ኛው መልስ እስኪመጣ ድረስ ስለ ባሕሩ መልክ ማንም አለመጻፉ ገርሞኝ ነበር። ጸሐፊዋ መርከቡ ከስቶክሆልም ሲወጣ ሦስት አራት ሰዓት ያህል በደሴቶች መካከል እንደሚያልፍ፣ ብዙ ተሳፋሪ ግን ያንን ጊዜ ሱቁ እስኪከፈትና የቡፌው ተራ እስኪደርስ በመጠበቅ እንደሚያባክነው በቁጭት ጻፈች። የስቶክሆልም ደሴቶች ከትንንሾቹ ዐለቶች ጋር 30,000 ያህል ናቸው። በሪንዶና በቬርምዶ ደሴቶች መካከል ያለው የኦክስዩፔት ጠባብ መተላለፊያ ላይ መርከቡ ዛፎቹን ሊነካ እስኪመስል ይጠጋል። ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ የጠላት መርከቦች በቫክስሆልም ምሽግ መድፎች ፊት እንዲያልፉ ለማስገደድ በ16ኛው መቶ ዘመን ይህንን መተላለፊያ በድንጋይ አስደፍኖት ነበር፤ ኋላ ተመልሶ ተከፈተ። በነሐሴ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ እናቲቱ የላይኛው ክፍት ወለል ላይ ወንበር ይዘውና ጋቢ ተከናንበው ይህንን ሁሉ በብርሃን ሊያዩት ይችላሉ። በማግስቱም ሰው ሻንጣውን ሲሸክፍ መርከቡ በሱኦሜንሊና ምሽግ ሥር ባለው ጠባብ በር ይገባል፤ ስዊድን በ1748 መገንባት የጀመረችው ይህ ምሽግ በ1991 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እኔ ብጠየቅ ለዚህ ጉዞ የሚከፈለው ገንዘብ የሚመለሰው በእነዚህ ሰዓታት ነው፤ ምንም አይከፈልባቸውም፤ ሱቁም ማታውን ሙሉ ክፍት ነው።

30ኛው ሰው የደርሶ መልስ ሽርሽር ትኬት የያዘ መንገደኛ ሄልሲንኪ ላይ የሚያገኘው ስድስት ሰባት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሩጫ እንዳታበዛ መክሯል። ቫይኪንግ በሚቆምበት በካታያኖካ አጠገብ በ1868 የተመረቀው የኡስፔንስኪ ኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ፤ ከኮረብታው በላይ ስለሆነ ግን ለጉልበት ታክሲ ያስፈልጋል። ከዐለት ተፈልፍሎ በ1969 የተሠራው የቴምፔሊያውኪዮ ቤተ ክርስቲያንም ላሊበላን ለሚያውቁ እናት ደስ እንደሚላቸው ገምቷል።

31ኛው መልስ ጥያቄ ነው፤ ሌሊቱን ለማይወዱ ሰዎች በቀን የሚሻገር መርከብ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል። እስካሁን ማንም ስላልመለሰለት እኔ ልመልስ። ከስቶክሆልም ወደ ቱርኩ በማለዳ የሚነሳ መርከብ አለ፤ ጉዞው 11 ሰዓት ያህል ነው፤ አብዛኛውን መንገድ በስቶክሆልም፣ በኦላንድና በቱርኩ ደሴቶች መካከል በቀን ብርሃን ይጓዛል፤ 19ኛው መልስ ላይ የጻፈው ወንድማችንም ቢያየው መልካም ነው። ካቢን ሳይይዙ መሳፈር ይቻላል፤ ሆኖም ለአረጋውያን ጎናቸውን የሚያሳርፉበት ክፍል መያዝ ይበጃል። ከቱርኩ ሄልሲንኪ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ በቀኑ መርከብ ሄዶ፣ ሄልሲንኪ አድሮ፣ በማታው መርከብ መመለስም ይቻላል፤ ይህ ግን የሽርሽር ትኬት ስለማይሆን ዋጋው ይጨምራል።